መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ

በ1937 ክሎድ ሻነን የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው፣ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፉን ጻፈ። ጉዳዩ ሪሌይ ነበር፦ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የዚያ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች በሺዎች እየደረደሩ የሚጠቀሙበት። ሻነን ያስተዋለው ይህን ነው። ሁለት ሪሌዮች በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ከተቀመጡ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ይኼኛውም ያኛውም ሲዘጉ ነው። በሁለት መስመር ጎን ለጎን ከተቀመጡ ግን አንዱ ቢዘጋ ይበቃል። የመጀመሪያው «እና» ነው፤ ሁለተኛው «ወይም»። ለእነዚህ ሁለት ቃላት ደግሞ ከ90 ዓመት በፊት፣ በ1847፣ እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል ሒሳብ ሠርቶላቸው ነበር። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የቡል ሒሳብ ከተራው ሒሳብ የሚለይበት አንድ ሕግ አለው፤ አንድን ነገር በራሱ ሲያባዙት ያንኑ ራሱን ይሰጣል። ከቀይ ነገሮች መካከል ቀይ የሆኑትን ልምረጥ ብሎ የተነሳ ሰው፣ መጨረሻ ላይ የሚይዘው መጀመሪያ የያዘውን ነው። ሕጉ በቡል መጽሐፍ ውስጥ እንደ ረቂቅ ሐሳብ ተቀምጦ ኖረ። ሻነን እጅ ሲገባ ግን ዋጋ አወጣ፤ ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ ሁለት ሪሌይ ይፈልጋልና። መልሱ አስቀድሞ የታወቀውን ጥያቄ ከኤሌክትሪክ ዑደቱ ውስጥ ማውጣት ብረት፣ ቦታና የኤሌክትሪክ ኃይል መቆጠብ ነበር። ትርፍ ቅድመ ሁኔታን አድኖ የማውጣት ታሪክ፣ በእኔ እይታ፣ ከዚህ ይጀምራል።

በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ትርፍን መንቀስ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በ1952 ፈላስፋው ዊላርድ ቫን ኦርማን ኩዋይን አንድን የአመክንዮ ዓረፍተ ነገር ወደ አጭሩ ቅርጽ የሚያወርድ ዘዴ አሳተመ። በ1953 የቤል ላብራቶሪዎቹ ሞሪስ ካርኖ ያንኑ ሥራ በሠንጠረዥ ላይ በዓይን እንዲታይ አደረገው። በ1956 ኤድዋርድ መክላስኪ የኩዋይንን ዘዴ ማሽን ሊሠራው እስኪችል ድረስ ሥርዓት አበጀለት። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ኤሌክትሪካል ምህንድስና የተማረ ሰው የካርኖን ሠንጠረዥ ሞልቶ ያውቃል።

በዚያው ዘመን ግን መሐንዲሶቹ ሌላም ነገር ተማሩ፤ ለኋላው ታሪክ ቁልፍ ስለሆነ ልቆምበት እፈልጋለሁ። ሒሳቡ «ይህ ትርፍ ነው» ያለውን ክፍል አንስተው ሲጥሉ፣ ዑደቱ አንዳንድ ጊዜ ለቅጽበት የተሳሳተ ምልክት ያወጣ ነበር። ምክንያቱም በገሃዱ ዓለም ኤሌክትሪክ በሁለት መንገድ ሲጓዝ በእኩል ሰዓት አይደርስም፤ አንዱ ቀድሞ ሲለወጥ ሌላው ገና ነው። መድኃኒቱ ትርፍ የተባለውን ክፍል ሆን ብሎ መልሶ ማስገባት ሆነ። ስለዚህ ትርፍ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። አንዳንዱን ያስቀመጠው ሰው ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከቀመሩ ውጭ ነው ያለው።

በ1961 ሻነን ራሱ ላስ ቬጋስ መጣ። አብሮት የነበረው የሒሳብ ሊቁ ኤድዋርድ ቶርፕ ነው። ሁለቱ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ኮምፒውተር ሠርተው፣ የሩሌት ኳስ የት አካባቢ እንደምታርፍ ለመተንበይ ካዚኖ ውስጥ በድብቅ ሞከሯት። ትንበያው ይሠራ ነበር፤ ቀጭኖቹ ሽቦዎች ግን እየተበጠሱ አስቸገሩ። የሩሌትን ጠረጴዛ ካነሳሁ አይቀር፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጠላት የሆነውን የስህተት ዓይነት በእርሱ ላስረዳ። በአሜሪካው ሩሌት 18 ቀይ፣ 18 ጥቁርና 2 አረንጓዴ ቁጥሮች አሉ። አንድ ፕሮግራመር ኳሷ አረንጓዴ ላይ ማረፏን ለማወቅ ፈልጎ «ቀለሙ ቀይ አይደለም፣ ወይም ጥቁር አይደለም» ብሎ ጻፈ እንበል። ሲያነቡት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ቀይ ቢሆን ጥቁር አይደለም፤ ጥቁር ቢሆን ቀይ አይደለም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ለ38ቱም ቁጥሮች እውነት ነው፤ ፕሮግራሙ ሁሉንም አረንጓዴ ነው ይላል። ሊጻፍ የሚገባው «ወይም» ሳይሆን «እና» ነበር። እንዲህ ያለው ስህተት ዛሬም በየቀኑ ይጻፋል። ኮዱ ይሠራል፣ አይሰበርም፣ የስህተት መልእክትም አያወጣም። ጥያቄ የሚመስል ነገር ተጽፏል፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

ሻነን ላስ ቬጋስ እስከመጣበት ጊዜ የከተማዋ የቁማር ማሽኖች በአብዛኛው የጥርስና የስፕሪንግ ሥራ ነበሩ። በ1963 ባሊ ኩባንያ «መኒ ሀኒ» የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ሪሌይና የኤሌክትሪክ ሞተር ገቡባቸው፤ የሻነን «እና» እና «ወይም» የሰው ገንዘብ መክፈል ጀመሩ ማለት ነው። በ1976 ፎርቹን ኮይን የተባለ ድርጅት መሽከርከሪያውን ራሱን አስወግዶ በቴሌቪዥን ስክሪን የተካ ማሽን ላስ ቬጋስ ሂልተን ውስጥ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ማን እንዳሸነፈ የሚወስነው ብረት ሳይሆን ኮድ ሆነ። በ1955 የተቋቋመው የኔቫዳ የቁማር ቁጥጥር ቦርድም ቀስ በቀስ ከብሎን ፈቺነት ወደ ኮድ አንባቢነት መሸጋገር ግድ ሆነበት።

በትክክል በእነዚያ ዓመታት ነው ኮድን ሳያስኬዱ የሚመረምሩ መሣሪያዎች የተወለዱት፤ ዛሬ ስታቲክ አናሊሲስ የሚባለው ሙያ። በ1977 ፈረንሳይ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ፓትሪክና ራዲያ ኩዞ ንድፈ ሐሳቡን አቀረቡ። አለን ቱሪንግ በ1936፣ ሄንሪ ራይስ በ1953 ያረጋገጡት ከባድ እውነት ነበር፦ ስለ ማንኛውም ፕሮግራም ባሕርይ ሁልጊዜ ሳይሳሳት መልስ የሚሰጥ ማሽን ሊኖር አይችልም። ኩዞዎቹ ይህን ግድግዳ ለመግፋት አልሞከሩም። ትክክለኛውን ዋጋ ማወቅ ካልተቻለ ዋጋው የማይወጣበትን ወሰን ማወቅ ይቻላል አሉ። የካርታ መጫወቻ ቁጥር ከ1 እስከ 52 ብቻ እንደሚሆን ማሽኑ ካወቀ፣ «ቁጥሩ ከ60 ያንሳል» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ካርታው ሳይመዘዝ መልሱን ያውቃል። ጥያቄው ትርፍ ነው።

በ1978 ደግሞ የቤል ላብራቶሪዎቹ ስቲቨን ጆንሰን ሊንት የተባለውን ፕሮግራም የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ሊንት የሲ ቋንቋን ኮድ እያነበበ የሚያጠራጥረውን ይጠቁም ነበር። ከሚጠቁማቸው መካከል አንዱ ለጉዳያችን የመጀመሪያው ምሳሌ ይመስለኛል። በሲ ቋንቋ ከዜሮ በታች መውረድ የማይችል የቁጥር ዓይነት አለ። ፕሮግራመሩ ይህን ዘንግቶ «ቁጥሩ ከዜሮ ያንሳል ወይ?» ብሎ ከጠየቀ፣ መልሱ ለዘላለም «አያንስም» ነው። ከጥያቄው በታች የተጻፈው ስህተትን የሚያርመው ክፍልም ለዘላለም አይደረስበትም። ኮምፓይለሮች፣ ማለትም ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉሙት ፕሮግራሞች፣ ይህን ዝም ብለው ያሳልፉት ነበር፤ ሊንት ተናገረ።

ላስ ቬጋስ ውስጥ ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ከስህተት አልፎ ወንጀል የሆነበት ጊዜ መጣ። በ1989 የቁጥጥር ቦርዱ መርማሪዎች አሜሪካን ኮይን በተባለው የከተማዋ ድርጅት ማሽኖች ውስጥ የተነካካ ፕሮግራም አገኙ። ፕሮግራሙ ተጫዋቹ ትልቁን ሽልማት የሚያስገኘውን የካርታ ስብስብ እንዳይጨርስ ያደርግ ነበር። ድርጅቱ ፈቃዱን አጣ። ይህን በፕሮግራመር ዓይን እንየው። ስክሪኑ ላይ የሽልማቱ ሠንጠረዥ ተዘርዝሯል፤ ኮዱ ውስጥም «ትልቁ ስብስብ ከተሟላ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ክፍል አለ። ቅድመ ሁኔታው ግን እውነት እንዳይሆን ተደርጓል፤ ክፍያው የማይደረስበት ኮድ ነው። ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሺህ ጊዜ የሚጫወት ሰው ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ዕድሉ መጀመሪያውኑ በጣም ትንሽ ነውና «አልቀናኝም» ብሎ ይሄዳል። «ወደዚህ መስመር የሚያደርስ አንድም መንገድ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ኮዱን የሚያነብ ብቻ ነው።

ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የተገላቢጦሹ ተከሰተ። ለቦርዱ የሚሠራና የቁማር ማሽኖችን ኮድ እንዲመረምር የተቀጠረ ፕሮግራመር፣ ለምርመራ በሚጠቀምበት መንገድ በማሽኖች ውስጥ የራሱን ቅድመ ሁኔታ ሲያስገባ እንደነበር ተደረሰበት። ሳንቲሞች እርሱ በሚያውቀው ቅደም ተከተል ከገቡ ማሽኑ ይከፍላል። ለሌላው ሰው ሁሉ ያ ቅድመ ሁኔታ መቼም እውነት አይሆንም፤ ለእርሱና ለተባባሪዎቹ ግን ይሆናል። በሁለቱም ጉዳዮች ማሽኑን በማስኬድ መፈተን አልበቃም።

በ2001 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶውሰን ኤንግለርና ተማሪዎቹ ትልቅ ሐሳብ አመጡ። ኮድ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱ መስመር ላይ እምነቱን ይተዋል አሉ። አንድ ፖይንተር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለ አድራሻ፣ ባዶ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ መስመር «ባዶ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያምናል። ሳይጠይቅ በአድራሻው የሚጠቀም መስመር ደግሞ «ባዶ አይደለም» ብሎ ያምናል። ሁለቱ እምነቶች በአንድ መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ሐሰት ነው። ማሽኑ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም፤ መጋጨታቸውን ካየ በቂ ነው።

በ2002 ኤንግለርና ተማሪው ይቸን ሺዬ ይህን ሐሳብ በትርፍ ኮድ ላይ አዋሉት፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤን የሚነካው ምዕራፍ ይህ ነው። ሁለቱ የሊኑክስን ስርዓተ ክወና የውስጥ ኮድ የሚፈትሹ መሣሪያዎች ሠሩ። የሚፈልጉት ስህተትን ሳይሆን ትርፍን ነበር፦ ተለዋዋጭን ለራሱ መልሶ መስጠት፣ የተጻፈና ማንም ያላነበበው ዋጋ፣ የማይደረስበት መስመር፣ መልሱ የታወቀ ቅድመ ሁኔታ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ዝርክርክነት ይታይ ነበር። ኮምፓይለሩ ራሱ አስወግዶት ያልፋል፤ ፕሮግራመሩም ጊዜ ሲያገኝ ያጸዳዋል ይባላል። ሺዬና ኤንግለር ያገኙት ግን ሌላ ነው። ከትርፎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው የስህተት ምልክት ነበሩ፤ ሰውየው አንድ ነገር አስቦ ሌላ ነገር ጽፏል። ከዚያም አልፎ ትርፍ ያለባቸው ፋይሎች እንደ ባዶ ፖይንተርና ያልተለቀቀ ቁልፍ ያሉ ከባድ ስህተቶችን የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ጎልቶ የበለጠ ሆነ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ትርፍ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ኮዱ የት እንዳለ በደንብ አልገባውም፤ ያልገባው ደግሞ እዚያው አጠገብ ሌላ ነገር ይስታል። ከሻነን ጀምሮ ትርፍ የወጪ ጉዳይ ነበር። ከ2002 ወዲህ ምስክር ሆነ።

በዚያው በ2002 ገደማ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ሌላ ነገር ተወልዶ ነበር። የኢንተርናሽናል ጌም ቴክኖሎጂ ኩባንያ «ጌም ኪንግ» በተባሉት የቪዲዮ ፖከር ማሽኖች ፕሮግራም ውስጥ አንድ ስህተት ገባ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ሙያው በፍጥነት አደገ። በ2003 ፓትሪክ ኩዞና ባልደረቦቹ አስትሬ በተባለው መሣሪያቸው የኤርባስ ኤ340 አውሮፕላንን ዋና የበረራ መቆጣጠሪያ ኮድ፣ ከ100 ሺህ በላይ የሲ መስመሮችን፣ መርምረው በሚሠራበት ጊዜ ሊፈጠር የሚችል የተወሰነ ዓይነት ስህተት አንድም እንደሌለበት አረጋገጡ። በ2004 ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ሆቭማየርና የቢል ፑ ሥራ የሆነው ፋይንድበግስ ለጃቫ ቋንቋ ተዋወቀ፤ ከሚያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች አንዱ «ባዶ እንዳልሆነ የታወቀን ነገር ባዶ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል» የሚል ነው።

በዚሁ በ2004 ከላስ ቬጋስ ደቡብ ምዕራብ፣ ከብሉ ዳይመንድ መንገድ በስተደቡብ፣ 3,500 ኤከር በሚሆን በረሃ ላይ ማውንተንስ ኤጅ የተባለው አዲስ ሰፈር መሠራት ጀመረ። በአካባቢው ካሉት ትንንሽ ኮረብቶች በአንዱ ዙሪያ ኤክስፕሎሬሽን ፒክ የተባለ መናፈሻ ተሠራ። ታክሲ በመንዳትና በካዚኖ ሥራ ሕይወታቸውን የጀመሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ከገዙበት የከተማዋ አቅጣጫ አንዱ ይኸው ደቡብ ምዕራብ ነው። ከሰፈሩ ተነስቶ በብሉ ዳይመንድ መንገድ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ማይል የነዳ ሰው፣ አውራ ጎዳናው ጋ ሲደርስ ሲልቨርተን ካዚኖን ያገኛል። የጌም ኪንግ ስህተት የተጋለጠው እዚያ ነው።

በጁላይ 2009 የሲልቨርተን ጥበቃዎች አንድ ተጫዋች በአጭር ጊዜ ውስጥ ትልልቅ ሽልማት ደጋግሞ ሲያወጣ አይተው ተጠራጠሩ። ሰውየው ተያዘ፤ ማሽኑ ተከፍቶ በቁጥጥር ቦርዱ መሐንዲሶች እጅ ገባ። እነርሱም ምስጢሩን ደረሱበት። በትንሽ ውርርድ ያሸነፈ ተጫዋች ሽልማቱን ሳይወስድ ወደ ሌላ ጨዋታ ይሻገራል፤ ገንዘብ ይጨምራል፤ ውርርዱን ወደ ከፍተኛው ይቀይራል፤ ከዚያ ወደ ድሮው ጨዋታ ይመለሳል። ማሽኑ የድሮውን አሸናፊ እጅ በአዲሱ ውርርድ አስልቶ ይከፍላል። ይህ የሚሆነው «ደብል አፕ» የተባለው ምርጫ ሲበራ ብቻ ነበር። ስህተቱ ለ7 ዓመት ያህል ሳይታወቅ፣ በ99 የተለያዩ ፕሮግራሞች ውስጥ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ማሽኖች ላይ ኖሯል። ተጫዋቹ በፌደራል ፍርድ ቤት በኮምፒውተር ማጭበርበር ጭምር ተከሰሰ፤ የተጫነው ግን ማሽኑ ላይ ያሉትን ለማንኛውም ሰው የተፈቀዱ ቁልፎች ነበር። በ2013 ክሱ ወደቀ።

እዚህ ያለው ስህተት ትርፍ ጥያቄ አይደለም፤ የጎደለ ጥያቄ ነው። «ይህ እጅ ያሸነፈው በስንት ውርርድ ነበር?» ብሎ የጠየቀ መስመር አልነበረም። ጎዶሎን በስታቲክ አናሊሲስ መያዝ ትርፍን ከመያዝ እጅግ ይከብዳል፤ ያልተጻፈ መስመር ምልክት አይተውም። ስለዚህ ነው ትርፉን በቸልታ ማለፍ የሌለብን፤ ከሁለቱ የሚታየው እርሱ ነው፣ ሺዬና ኤንግለር እንዳሳዩትም ብዙውን ጊዜ ከጎዶሎው ጋር አንድ ሰፈር ይኖራል።

በዚያው በጁላይ 2009፣ ካዚኖ የማያውቁ ሰዎች ዘንድ፣ የሊኑክስ ጉድ ወጣ። ከኔትወርክ ጋር በሚሠራ አንድ የሊኑክስ ክፍል ውስጥ ሁለት መስመሮች ተከታትለው ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያው በአንድ ፖይንተር አድራሻ ውስጥ ገብቶ ዋጋ ያነባል። ሁለተኛው ያንኑ ፖይንተር «ባዶ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ቤት ዘልቆ ከገባ በኋላ «ቤቶች!» ብሎ እንደሚጣራው ነው። ኮምፓይለሩ ጂ.ሲ.ሲ. ይህን አይቶ የራሱን መደምደሚያ ሰጠ፦ ፕሮግራመሩ በአድራሻው ከተጠቀመ ባዶ አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ትርፍ ነው። ብሎም ሰረዘው። እንደ ሒሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን የሰረዘው መስመር በሩ ላይ የቆመው ብቸኛ ዘበኛ ነበር። በተወሰነ ሁኔታ አጥቂ ባዶውን አድራሻ ራሱ ሞልቶ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ሊወስድ እንደሚችል አንድ የደህንነት ተመራማሪ በተግባር አሳየ።

ይህን ታሪክ ለወጣት ፕሮግራመሮች ሁሉ ብነግር ደስ ይለኛል። መሣሪያው «ይህ ጥያቄ ትርፍ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ የተሳሳተው ቦታው ነበር። ትክክለኛው ጥገና ጥያቄውን ማጥፋት ሳይሆን ወደ ላይ ማውጣት፣ ከመጠቀም በፊት መጠየቅ ነበር። የሊኑክስ ባለሙያዎችም ይህንኑ አደረጉ፤ በተጨማሪም የሊኑክስ ኮድ ሲጠናቀር ኮምፓይለሩ እንዲህ ያሉ የባዶነት ጥያቄዎችን በገዛ ሥልጣኑ እንዳይሰርዝ የሚከለክል ትእዛዝ ጨመሩ።

መሣሪያዎቹ በዚያ ጊዜ ሌላ ጉልበት አግኝተው ነበር። ከ2001 ጀምሮ የተሠሩት የአመክንዮ ፈቺዎች፣ በተለይ በ2008 ማይክሮሶፍት ያስተዋወቀው ዚ3፣ አንድን ቅድመ ሁኔታ ተቀብለው «ይህን ሐሰት የሚያደርግ አንድም ዋጋ አለ ወይ?» ብለው ይፈልጋሉ። ካለ ዋጋውን ያሳያሉ፤ ከሌለ ቅድመ ሁኔታው ሁልጊዜ እውነት ነው። የሩሌቱን ዓረፍተ ነገር ቢሰጧቸው ወዲያው ይመልሳሉ።

ተራው ፕሮግራመር እጅ የገቡት ግን ከኮምፓይለሮቹ ጋር የመጡት ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። በ2008 ጂ.ሲ.ሲ. በ«እና» እና «ወይም» የተያያዙ አጠራጣሪ ጥያቄዎችን የሚጠቁም ምርጫ ጨመረ። በፌብሩዋሪ 2014 አፕል አስቸኳይ ጥገና ለማውጣት ተገደደ፤ የኢንተርኔት ግንኙነትን ፊርማ በሚያረጋግጠው ኮዱ ውስጥ «ወደ ማብቂያው ዝለል» የሚል መስመር ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ከላዩ ባለው ቅድመ ሁኔታ ሥር ነው፤ ሁለተኛው ግን በገጹ ላይ ገባ ብሎ ስለተጻፈ ከሥሩ ያለ ቢመስልም ከምንም ሥር አልነበረም። ስለዚህ ኮዱ ሁልጊዜ ይዘላል። ከታች ያለው የመጨረሻው የፊርማ ማረጋገጫ የማይደረስበት ሆነ፤ አይፎኖችና የማክ ኮምፒውተሮች ሐሰተኛ ማንነትን አምነው ይቀበሉ ነበር። አንድ የተደገመ መስመር፣ የቡል ሕግ ምንም አይጨምርም የሚለው ዓይነት፣ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ስልኮችን አጋለጠ። በ2016 የወጣው ጂ.ሲ.ሲ. 6 ለዚህ ዓይነቱ አሳሳች አጻጻፍ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ በ«አለበለዚያ» ሰንሰለት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ቅድመ ሁኔታንም መጠቆም ጀመረ።

ማስጠንቀቂያው ስክሪን ላይ ሲወጣ የሚደረገው ነገር ሙያው ነው። ትርፉን አጥፍቶ ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ብዙ ቢሮዎች ውስጥም የሚደረገው ይኸው ነው። መደረግ ያለበት ግን መስመሩ መቼና ለምን እንደገባ ከኮዱ የለውጥ መዝገብ ማየት፣ ጸሐፊው ካለ መጠየቅ፣ ከሁለቱ እምነቶች ሐሰቱ የቱ እንደሆነ መለየት ነው። «ወይም» የተባለው «እና» ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ የተጠራው ተለዋዋጭ ሁለተኛው ላይ ሌላ ስም ሊኖረው ይገባ ይሆናል። ጥያቄው በጊዜው ትክክል ሆኖ ከላዩ ያለው ኮድ ሲለወጥ የከሰመም ይኖራል፤ እርሱን በሰላም ማንሳት ይቻላል። በመጨረሻ የታረመው መስመር ዳግም እንዳይበላሽ፣ ቅድመ ሁኔታው እውነት የሚሆንበትንም ሐሰት የሚሆንበትንም የሚሞክር ፈተና ይጻፍለታል። ለዘላለም እውነት የነበረ ጥያቄ እንዲህ ያለ ፈተና አያልፍም ነበር።

ከዚያ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ ተነስቶ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ 5 ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን ከ189 ሰዎች ጋር ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር። ላስ ቬጋስም፣ ዋሽንግተንም፣ አዲስ አበባም ያለን ሰዎች ያን ቀን አንረሳውም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። የሚያምነው አውሮፕላኑ ከያዛቸው ሁለት የአየር ማዕዘን መለኪያዎች አንዱን ብቻ ነው፤ ከቦሌ በተነሳው አውሮፕላን ላይ የግራው መለኪያ 74.5 ዲግሪ አሳየ፤ የቀኙ 15 ዲግሪ አካባቢ ነበር። «ሁለቱ ይስማማሉ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቅድመ ሁኔታ ኤምካስ ውስጥ አልነበረም።

በሜይ 2019 ደግሞ ቦይንግ ሌላ ነገር ይፋ አደረገ። ሁለቱ መለኪያዎች ሲለያዩ ለአብራሪዎቹ ማስጠንቀቂያ የሚያሳይ ሶፍትዌር በሁሉም ማክስ አውሮፕላን ላይ ሊሠራ ይገባ ነበር። ነገር ግን ኮዱ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ከአንድ ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታ ጋር ታስሮ ነበር፦ አየር መንገዱ በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠውን የማዕዘን ማሳያ ከገዛ ብቻ። ያን ያልገዛ ሁሉ ማስጠንቀቂያው የለውም። የኩባንያው መሐንዲሶች ይህን በ2017፣ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ርክክብ ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ደርሰውበት ነበር፤ እርማቱ ለሚቀጥለው የሶፍትዌር እድሳት ተላለፈ። የሁለቱ አደጋዎች ምክንያት ይህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምክንያቶቹ ብዙና የተያያዙ ናቸው። ነገር ግን ትርፍ ቅድመ ሁኔታ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ነው የማሳየው።

ሊንትም፣ አስትሬም፣ ዚ3ም ይህን አይዙትም ነበር። ቅድመ ሁኔታው ሁልጊዜ እውነት አይደለም፣ ሁልጊዜ ሐሰትም አይደለም፤ የገዛና ያልገዛ አየር መንገድ አለና። ኮዱ ከራሱ ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው ምን መሥራት እንዳለበት ከተጻፈው ሰነድ ጋር ነው፤ ሰነዱን ከኮዱ ጋር አስተያይቶ የሚያነብ፣ ያየውንም በጊዜው የሚናገር ሰው ያስፈልገዋል።

አውሮፕላኑ በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ዳግም እንዲበር ሲፈቀድ ሶፍትዌሩ ከሌሎች ለውጦች ጋር እነዚህም ሁለቱ ተደርገውበት ነበር። ኤምካስ ላይ አንድ ጥያቄ ተጨመረ፤ ሁለቱ መለኪያዎች ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ አይሠራም። ከማሳያው ሶፍትዌር ደግሞ አንድ ጥያቄ ወጣ፤ የመለያየት ማስጠንቀቂያው ማሳያውን ለገዛም ላልገዛም ይበራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክሱን ወደ አገልግሎት የመለሰው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።